ውሃ ክልክል ነው

ሙሐረቅ። ሐምሌ ነው። መስታወቱ ላብ ያልበዋል፤
ኮሪደሩን ስወለውል «ትርንጎ፣ ነይ!» አሉኝ፤ «አማርኛ ይፈለጋል።»
ለማስተርጎም ደመወዝ የለኝም።
ባልዲዬን በሩ ላይ አኖርኩና ገባሁ።

ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ፣
ዓይኗ ከእኔ ባልዲ፣ ከእድፉ ውሃ ላይ የተጣበቀ።
«ዘምዘም እባላለሁ» አለች፤ «አገሬ ከሚሴ»፤
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ከዚያ አንድ ጊዜ ልጎንጭ፣ ስለ ነፍሴ!»

በጥር ነው፤ መስኮት ስትወለውል ከመሰላል ወድቃ፣
ጭንቅላቷ ተመትቶ፣ ቁስሏ በሳምንት ደርቃ፣
ጥሙ ግን ያኔ ተወለደ።
ሌሊቱን ትጠጣለች፣ ሌሊቱን ትሸናለች፤
ማዳም ፍሪጁን ቆለፈች።
የቧንቧው ጨው ጨው ሲላት፣ የኤሲውን ጠብታ
በጣሳ አጠራቅማ ጠጣች፣ ማታ ማታ።
«ረመዳንን አልጾምኩም» አለችኝ አንገቷን ደፍታ።
ማዳምም ስም አወጣችላት፦ «ከዛባ!»
ውሸታም፤ ሥራ ስትሸሽ ሽንት ቤት የምትገባ።

ሐኪሟ ባድሪያ ነገረችኝ፤ «ሱክሪ ካዚብ» ነው ስሙ በዐረብ አፍ፤
«ውሸታም ስኳር» ብዬ ቃል በቃል ተርጉሜ ሳልፍ
ዘምዘም አለቀሰች፦ «አንቺም ዋሸሽ በይኝ!»
ለቅሶዋ ደረቅ ነበር፤ ለዕንባ የሚተርፍ ውሃ ከየት ይገኝ።

የሐኪሟን ቃል ተውኩና በራሴ ቃል ገባሁ፦
«ስሚኝ፣ ዋሾው ስሙ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።
ሽንትሽ ስኳር የለውም፤ ጣዕምም የለውም።
ከአንጎልሽ ሥር፣ ከአፍንጫሽ በስተኋላ፣
ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች ተንጠልጥላ።
እሷ ናት በደም መንገድ ለኩላሊት የምትልክ፦
‹ሁሉን አታፍስሰው፣ መልሰህ አስቀር በልክ።›
ኩላሊትሽ ክፉ አይደለም፤ ትእዛዝ ጠባቂ ዘበኛ ነው፤
ከወደቅሽ ወዲህ መልእክቱ ቀርቶበት
በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።
ጥምሽ ነው ያልዋሸው፣ ጥምሽ ነው ምስክርሽ፤
እሱ ነው በየሌሊቱ ቀስቅሶ ያኖረሽ።»

ግን ማስረጃ ይፈለጋል።
ከራስጌዋ ወረቀት ተለጠፈ፦ ውሃ ክልክል ነው።
ይህንንም እኔ ነኝ ያነበብኩት፤
ማዳም በዐረብኛ ያለችውን እኔ በአማርኛ ደገምኩት።

በየሰዓቱ ትመዘናለች፣ ሽንቷ ይለካል፣ ደሟ ይቀዳል።
ኪሎዋ ወረደ። ሽንቷ ግን ያው ነው፣ እንደ መስታወት ይጠራል።
እንድትረሳ ብዬ አወራሁላት፦ «ይቺ ደሴት ስሟ ሁለት ባሕር ነው፤
ከጨዉ ባሕር ሥር የሚጣፍጥ ምንጭ አለ ይላሉ፤
ዕንቁ ጠላቂዎች ድሮ እየሰመጡ
በአቁማዳ ይቀዱት ነበር አሉ።»
«እባክሽ» አለች፣ «ስለ ውሃ አታውሪልኝ።»
አፈርኩ። እጇን ያዝኳት፤ እንደ ወረቀት ቀለለኝ።

ቀትር ላይ መርፌ ወጓት፤
ያች የቀረች መልእክት ናት፣ በሰው እጅ ተሠርታ የመጣችላት።

ጠበቅን።

ከመጸዳጃ ቤቱ ጮኸች፦ «ትርንጎ! ነይ፣ እይልኝ!»
ሮጥኩ። ትንሿን ብልቃጥ ወደ መብራቱ አንሥታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣
«ቢጫ!» አለች። «ቢጫ ሆነ! እንደ ስምሽ!»

ወረቀቱን ገነጠልኩት።
ሐኪሟ «ትጠጣ፣ ግን ሲጠማት ብቻ» አለች፤ ተረጎምኩት።
አንድ ብርጭቆ ሰጠኋት።
ግማሹን ጠጣች።
ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣
አየችው፣
ደግማ አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።