ስም ሳይጠራ

ማትሱዌ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ ጠባብ ቢሮ ነው የምውልበት፤
ጥቁር ዛጎል የሚያወጡ ጀልባዎች ሒሳብ ያለበት።
ኮዱን የጻፈው ሽማግሌ፣ ኢቶጋ ሳን፣ ጡረታ ወጥቶ፣
ማስታወሻ እንኳ ሳይተውልኝ ሄደ፣ ቁልፉን ብቻ ሰጥቶ።

ሩቢ እንደ ቤት ነው፤ ደጅ አለው፣ ጓዳ አለው።
ይፋ የተባለውን ዘዴ መንገደኛ ሁሉ ይጠራዋል፤
ጥብቅ የተባለው በሩን ለወገኑ ብቻ ይከፍታል፤
የግል ያሉት ግን
ጫማ ከሚወለቅበት ወዲያ ነው፤ ስም ሳይጠራ የሚጠራ፣
እናቴ ትል እንደነበረ፣ «ሻይ» ብቻ፣
ማን ለማን እንደሚቀዳ ሳይወራ።

ኢቶጋ ሳን አንድ ሞጁል ነበረው፣ «ሚዛን» ብሎ የሰየመው፤
በውስጡ «መዝን» የሚል ዘዴ፣ አራት መስመር የማይሞላው።
ከሥሩ አንዲት ቃል ጽፎ ዘዴውን ሁለት አደረገው፦
አንዱ ደጅ ቆሞ፣ በሞጁሉ ስም ለጠራው ሁሉ አቤት ባይ፣
ሌላው ሞጁሉን የወረሰ ክፍል ጓዳ ውስጥ፣ የማይታይ።
በተቀዱበት ቀን አንድ ናቸው።
ከዚያ ወዲያ አይነጋገሩም።

ጥቅምት ላይ የእንጨቱ ሣጥን ቀርቶ ፕላስቲኩ መጣ፤
ባዶው ሣጥን ስምንት መቶ ግራም ቀለለ።
አዲስ ፋይል ከፈትኩና «መዝን»ን ዳግም ጻፍኩት፤
ጀልባዎቹ በአዲሱ መዘኑ። እኔም ረሳሁት።

አንድ ማለዳ ቶኪዞ መጣ፣ ቦት ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ፤
ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ ጮክ ብሎ አነበበ፦
«የጀልባዬ ይኸን ይላል፤ የማኅበሩ ደግሞ ይኸን፤
ልጄ፣ ዛጎሉ አንድ ነው። የትኛውን እንመን?»

ሳልተኛ አደርኩ። ሐይቁ ላይ የድልድዩ መብራት ብቻ።
ደጁ ላይ የቆመው ቅጂ ነበር፣ የእንጨቱን ሣጥን እየቀነሰ፣
በስሙ ለጠራው ሁሉ በትሕትና እየመለሰ።
አልዋሸም፤ ማንም አልነገረውም፤
ጓዳው ሲለወጥ ደጁ አልሰማም።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።
እናቴ በሚያዝያ ነው የሞተችው።
ቤት ያለችው እኔ ያን ቀን እንደ አዲስ ተጻፍኩ፦
አንድ ኩባያ የማወጣ፣ ሬዲዮ የማልከፍት፣
«ሻይ» የሚል ስለሌለ ውሃውን አፍልቼ የምረሳ።
ቢሮ ግን «ሱጊታኒ ሳን!» ሲሉኝ
አቤት የምትለው ያቺው ናት፣ የመጋቢቷ፣
አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሳይጎድል ፈገግታዋ።
በቀረ ሣጥን ነው የምትመዝነው።

ሊነጋጋ ሲል ያቺን ቃል ከአዲሱ ዘዴ ሥር ደገምኳት፤
ደጁ ከጓዳው እንደገና ተቀዳ። ቁጥሮቹ ገጠሙ።
ለቶኪዞ ደወልኩ፤ ማኅበሩ በየሣጥኑ
ስምንት መቶ ግራም ዕዳ እንዳለበት ነገርኩት።
ሳቀ። «እናትሽስ፣ ደኅና ናት?» አለኝ እንደ ልማዱ።

የድሮው መልስ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።
ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።
ከመስኮቱ በታች
የመጀመሪያው ጀልባ ሞተር ተነሣ።