ቃጫ የሞላው ጎማ

ሌዳሞ ብስክሌቱን ሲያውሰኝ «ፍሬኑ አንድ ነው» አለኝ፤
«የኋላው ብቻ፤ ቁልቁለት ላይ ቀስ በልልኝ።»

ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ገና ሳይነጋ ደረስኩ፣
ጭጋጉን በጉልበቴ እየገፋሁ ተሻገርኩ።
ወደ ቀኝ ታጥፌ ወደ ወንዶ ገነት ሳቀና
ዳገቱ እንደ ዕዳ ነው፤ ጥቂት ጥቂት ይልና
ዘወር ስትል ከነወለዱ ደረትህ ላይ ቁጭ ይላል፤
በቆሎው ግራና ቀኝ ጠል እያራገፈ ያንሾካሽካል።

ግን ዳገት ደግ ነው፣ ዓይን ይሰጣል ለደከመ፦
የዝግባውን ሽበት አየሁ፣ ጉሬዛው የት እንደቆመ፣
ምንጩ ከጫካው ወርዶ የማንን ማሳ እንደሳመ።

ቁልቁለት ላይ ምን አየሁ? ንፋስ ብቻ፣ እንባ ብቻ፤
ጧ! አለና ጎማው ተኛ፣ እንደ ባዶ ስልቻ።

ማስቲሽ የለኝ፣ ፓምፕ የለኝ። ከእንሰቱ መሐል ወጡ
አቶ ላሚሶ፤ ጎማውን አይተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤
ሚስታቸው የፋቁትን ቃጫ በክንዳቸው አንጠልጥለው
ሆዱን ሞሉት፣ በጣት በጣት፣ እንደ ትራስ ጠቅጥቀው።
«ስንት ልክፈል?» ብላቸው «ነድተህ አሳየኝ» ብለው ሳቁ፤
ልጆቹ እንድወድቅ ፈልገው እስከ መታጠፊያው ጠበቁ።

አልወደቅኩም። እየነጠርኩ ሐዋሳ ድረስ ዘለቅኩ፤
አንድ ማሳ ከሥሬ እየዞረ፣ እኔ ከላይ እየሳቅኩ።

ሌዳሞ ጎማውን ተጭኖ «ይሄን ምን አበሉት?» አለኝ፤
ከየትኛው መታጠፊያ እንደምጀምር ጠፋኝ።
ማስቲሹን ከገዛ ከረመ፤ ቃጫውን ግን አላወጣ፤
ትናንት ሐይቁ ዳር ሰማሁት፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲመጣ።