በአካፋዬ ልክ

«አምስት መኝታ አለው፤ ሳውናው በእንጨት ይነዳል፤
ከሰገነቱ ሲቆሙ ሐይቁ እግርዎ ሥር ይሰግዳል፤»
አለኝ ደላላው ኡድቫር፣ ቁልፍ እያሽከረከረ፤
የኔ ዓይን ግን ጣሪያው ላይ፣ በረዶው ላይ ቀረ።
አምስት አልጋ ማለት ዐሥር አንሶላ ነው፣
እንግዳ በወጣ ቁጥር እኔው የማጥበው፤
ቧንቧው የፈነዳ ለት፣ በጥር እኩለ ሌሊት፣
ከኦስሎ ሦስት ሰዓት፣ ጎማ የሚንሸራተትበት።

«ያቺ ትንሿስ፣ ከመንገዱ ዳር?»
ፊቱ ጠቆረ። ኮሚሽኑ አንሶበት ነበር።

ሁለት ክፍል። አንድ ምድጃ።
ጣሪያዋን መሬት ቆሜ በመጥረጊያ እነካዋለሁ፤
ደጇን ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጠርጌ እጨርሳለሁ።

«ሐይቁስ፣ ወይዘሮ ሲግሩን?» አለ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።
ሐይቁማ የሁሉም ነው፤
በተረፈኝ ወገብ ወርጄ አየዋለሁ።