ቋጠሮ

በአሽዶድ ወደብ ላይ፣ ሳይነጋ ገና፣
ኖጋ ካሜራዋን አንግታ መጣችና
«ግባ ጋሽ ደምለው፣ ባሕሩ ተኝቷል» አለችኝ።
እኔ ደብተር ይዤ ከጀልባው አፍንጫ
ሰዓት እጽፋለሁ፣ የንፋስ አቅጣጫ።
በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ ማታ ማታ ሊያት፣ የልጅ ልጄ፣
ወደ ዕብራይስጥ ትመልሰዋለች ከደብተሬ።

ሰው በፊት ይለያል፣ ዶልፊን በክንፉ፤
ስሙ ጠርዙ ላይ ነው፣ ስንጥቁ፣ ሽራፉ።
ዛሬ አንዲት እናት ብቅ አለች ከነልጇ፤
ኖጋ ፎቶ አነሳች፣ ተንቀጠቀጠ እጇ።
ክንፏን የሰነጠቀው፣ ሥጋዋን የበላ፣
የመረብ ናይሎን ነው፣ ተንጠልጥሎ ከኋላ።
ሁለት ዙር በግራ፣ አንድ ጥምዝ በቀኝ፤
የማን እጅ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ያኔ፣ መረቤን ቀደዱ ብዬ ስረግም፣
እኔስ ምን እንደቀደድኩ ጠይቄ አላውቅም።

ልናገር? ዋጥኩት። ደግሞ አፌ ላይ መጣ።

የጎብኚዎች ጀልባ ከሩቅ ሞተሩን አጠፋ።
ኒሲም ነው መሪው፤ አብረን ስናጠምድ ኖረን
ዛሬ ዓሣውን ትቶ ሰው ይዞ ይወጣል።
«አንከተልም» ይላል፣ «እንግዳ ደጅ ይጠናል፤
ከመጡ መጡ ነው፣ ካልመጡም ይበቃናል።»
ልጆቹ ስልካቸውን ዘርግተው ጸጥ አሉ።
ግልገሏ ተነፈሰች። ሁላችንም ሰማን።

«ኖጋ» አልኩ፣ «ይሄ ቋጠሮ የእኔ ነው።»
ቀና ብላ አየችኝ። ሞገድ ጀልባውን መታ።
«ጻፈው» አለች፣ በቀስታ።

ጻፍኩት፤ ከሰዓቱና ከንፋሱ ቀጥሎ፣
ስሜን ከነአባቴ።
ማታ ሊያት ታነበዋለች።