አራተኛው ብርጭቆ

«ቢራ አልወድም» አልኩት ሮዴልን፣ «ሆዴን ይነፋኛል።»
ጁፌር፣ ነሐሴ፣ እኩለ ሌሊት፤ መስኮቱ በውጭ ያልበዋል።
መርከበኛው ተደውሎለት፣ ከፍሎ ወጥቷል ሳይቀምስ፤
በሳንቃ ላይ አራት ብርጭቆ፣ የአሜሪካ ድግስ።

አንዱ ብርቱካን ብርቱካን አለኝ፤ ብርቱካን አጥቼ ነው?
ሁለተኛው የከረመ ሊጥ፣ ያውም የቀጠነው።
ሦስተኛው ኮሶ ነው፣ ኮሶ!
ሮዴል ሳቀ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ፣ እንባው ፈስሶ።

አራተኛው ጥቁር።
ገና ሳልጎነጨው ሸተተኝ፤ አሻሮ፣ ያረረ ገብስ፣ የጓዳችን አየር።

የጠላ ሻጭ ልጅ ነኝ።
በጣሳ ስቀዳ ያደግሁ፣ ሰካራም እያመናጨቀኝ።
ማልኩ፦ የተጠመቀ ነገር አፌ አይገባም ለዘላለም።

ጨለጥኩት። ምላሴ ለካ አብሮኝ አልማለም።

«ሆድህን ነፋህ?» አለኝ ሮዴል።
«አይ» አልኩት። «ሆድ ባሰኝ።»