ወደ ግራ

የአምናውን ካላንደር ከምስማሩ አውርደን፣
ነጩን ጀርባውን ወደ ላይ ገልብጠን፣
መብራት እስኪመጣ ሻማ ለኩሰን፣
እኔና ሸዋዬ መንገድ እንሥላለን።

እኔ ቀይ እስክሪብቶ፣ እሷ ጉራጅ እርሳስ፤
የጥቅምቱ ውርጭ በበር ሥር ሲነፍስ፣
"ከደብረ ብርሃን" አልኩ፣ "ጣርማበር እስክንደርስ
አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ጎማ ካልፈነዳ፤
ከዚያ ዋሻው አለ፣ ቁልቁለቱ ፍዳ…"
ጣቴ እንደ ልማዷ ሳትጠይቅ ነዳች፣
ደብረ ሲናን አልፋ ሸዋሮቢት ገባች፣
ኮምቦልቻን ረግጣ ወደ ሚሌ ወረደች።
"ኧረ ቀስ!" አለችኝ፣ "ወዴት ነው ወንድሜ?
ሽንኩርት አይደለሁም፣ አልበሰብስም ቆሜ።"

እውነቷን ነው እኮ። ሠላሳ አንድ ዓመት
በኤንትሬ ስወጣ፣ በኤንትሬ ስወርድበት፣
ጣርማበርን የማውቀው በፍሬን ሽታው ነው፣
ጉም ውስጥ በሚጠፋ በሌላ ሰው ታርጋ ነው።
ከዋሻው አፍ በፊት መገንጠያ አለ፣
አቧራውን ለብሶ ወደ መንዝ ያጋደለ፤
ሺህ ጊዜ አልፌዋለሁ፣ ፍሬቻ አላበራሁም፤
መስኮት ዝቅ አድርጌ ገደሉን አላየሁም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ግራ አልዞርኩም።

ሸዋዬ ግን በጆሮ አገሩን ዘልቃለች፤
ባና ይዛ ከምትመጣ ከመሐል ሜዳ ሴት
ቅዳሜ ገበያ ጠይቃ ሰምታለች።
"ጓሳ" አለችኝ፣ "ሣር ነው፣ ግን ደግሞ ሣር አይደል፤
ቀኑ ካልተፈቀደ ማጭድ አይነካውም፣ ዓመታት ይከለል።
ገደል ነው የሚያድር ጭላዳው፤ ጧት መጥቶ
ፀሐይ ይሞቃል አሉ ቀይ ደረቱን ከፍቶ፣
ልክ እንዳንተ ማለት ነው፣ ጡረታውን በልቶ።
ቀይ ቀበሮው ደሞ ብቻውን ነው ዟሪ፤
ፍልፈል ደጅ ይጠብቃል እንደ አራጣ አበዳሪ።"

በእርሳሷ አንድ መስቀል አንኮበር ላይ ሣለች።
"ምን አለ?" "ቁልቁል አፋር ይታያል" አለች።
"ስንት ደቂቃ እንቁም?"
"እስክጠግብ።"
ዝም አልኩ።
"እስክጠግብ" የሚባል ሰዓት እኔ አላወቅኩ።
ወፍ ዋሻ ላይ መስቀል፦ "ጽዱ ሥር፣ ቁጭ።"
አስታው ጋ አንድ መስቀል፦ "ጉም ሲገለጥ፣ ብልጭ።"
"እዚህስ?" አልኳት፣ ከባሽ ማዶ ባለ፣ ስም በሌለው ቦታ።
"እዚህ ምንም የለም። ለዚያ ነው" አለችኝ፣ "የምንቆም ለአፍታ።"

የኔ ወረቀት ላይ፦ ክሪክ፣ ጎማ ሁለት፣
ጀሪካን፣ የፋን ቺንጊያ፣ ገመድ፣ የእጅ መብራት፣
መፍቻ በየቁጥሩ፣ ትርፍ ዘይት፣ ትርፍ ጀነሬተር።
(የወንድሟ ልጅ የጥላዬ ላንድክሩዘር
በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ቢሆንም ትሞከር።)
የሷ ወረቀት ላይ፦ በሶ። ባና። መነጽር።

ሻማው ሲያጎነብስ፣ እርሳሷን አስቀምጣ፣
"እኔ እኮ" አለችኝ፣ "ጡሩምባህ ሲመጣ
ማታ ማታ እዚሁ መስኮት ሥር ቆሜ
እቀናብህ ነበር፦ 'እሱ አገር ሲያይ ዋለ፣ እኔ ጓዳ ከርሜ።'
ሠላሳ አንድ ዓመት! ለካ አንተም እንደኔ
ቤት ውስጥ ነው የዋልከው፤ በከንቱ ቀናሁ እኔ።"

መልስ አልነበረኝም። መብራት መጣ ድንገት።
ወረቀቱን አየሁት፤ ከኔ መስመር ይልቅ መስቀሏ በዝቶበት
የሁለት ቀን ጉዞ ስድስት ቀን አለበት።
"ነዳጁስ?" ልል ነበር።
ዋጥኩት።

ሌሊት፣ እሷ ተኝታ ባናዋን ደርባ፣
እኔ በጨለማው እንቅልፌ ሳይገባ፣
ግራ እጄ ከብርድ ልብስ ወጥታ በቀስታ፣
አየር ላይ ያንን ዘንግ ፈልጋ አግኝታ፣
ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ አደረገች፤ መገንጠያው በራ…
ሸዋዬ በእንቅልፍ ልብ
"ዞር በል" አለች፣ "ወደ ግራ።"