የውሃ ሒሳብ

ሱቁ ከተዘጋ፣ ካውያው ከበረደ፣
የመጨረሻው ሰው ልብሱን ከወሰደ፣
ሚዛኑን ጎተትኩት ከጠረጴዛው ሥር፤
ቀን ቀን የሰው ልብስ ነው በኪሎ ሚቆጠር፤
ማታ የኛ ተራ።
ከኒዝዋ ጀርባ፣ «አረንጓዴ» የሚሉት፣
«አረንጓዴው የታል?» ብለን የሳቅንበት፣
ያ ግራጫ ተራራ።

አራት ቀን ነው ያለን፣ ኅዳር ላይ ለበዓል፤
መንግሥት የሰጠውን ማን ይጨምርበታል?
ነጂባ ከክሊኒክ ባመጣችው ካርቶን
በጀርባው ነደፈች የአራት ቀን መንገዱን፦
ከመንደሩ ወጥቶ፣ በገደል አፍ ሄዶ፣
ከጥዶቹ አድሮ፣ በሸለቆው ወርዶ፣
ተመልሶ ሊቋጠር እንደ መቀነት ጫፍ፣
ያው ከመነሻችን፣ ከመስጊዱ ጥግ ሊያርፍ።

ሲራክ ቦቴ ነጂ፣ ውሃ አመላላሽ ነው፤
ግን ዐሥር ሺህ ሊትሩን በጀርባ አይጭነው።
«ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ አራት ሊትር» አለ
ጣቱን እያጠፈ።
አራት ጊዜ አራት፣ ዐሥራ ስድስት ሆነ፤
ቦርሳዬ ወፈረ፣ ትከሻዬ አዘነ።

ከዚያ መቀነስ ነው።
ፎጣውን አወጣሁ፣ ሁለተኛ ሱሪ፤
ነጂባ ሁለት መስተዋት፤ «አንዱን እንኳ አስቀሪ!»
ሲራክ ግን ከሥሩ፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣
የብረት ድስት አለው፣ ሦስት ተኩል ኪሎ።
«በስስ ቆርቆሮ ሩዝ ዳገት አይወጣም»
ብሎ ሞገተ እንጂ፣ ድስቱን አላወጣም።

ውሃ ግን ልዩ ነው ከሸክም ሁሉ ዘር፤
ሌላው አብሮ ይዘልቃል፣ እሱ በጠጡት ቁጥር
ይቀላል።
ይቀላል፣ ይቀላል፤ ጠርሙሱ ሲጎድል ግን
ፍርሃት የሚሉት ይተካል ቦታውን።

ኸልፋን ሽማግሌው፣ የተራራው ተወላጅ፣
ነጭ ቀሚሱን ሊወስድ ጠዋት ቢመጣ ከደጅ፣
ካርቶኑን ዘረጋሁ።
«አንደኛው ቀን» አለኝ «የፈለጁ ቦይ አለ፤
ሁለተኛውም ደህና፤
ሦስተኛው ግን...» ብሎ በጥፍሩ እየፋቀ፣
«እዚህ ጋ ጉድጓድ ነበር። ዝናብ ከራቀ ራቀ።»
«ዘንድሮስ ዘንቧል ወይ?»
ሰማይ ያያል ስል፣ ጫማውን አየ።

ደግሞ ጠየቀኝ፣ ቀሚሱን ክንዱ ላይ አድርጎ፣
«ከተነሣችሁበት ልትመለሱ፣ ድካሙ ለምን?»
በአረብኛ የለኝም «ዞሮ ዞሮ ከቤት»፤
ሁለተኛውን ስንኝ፣ የመሬቱን፣ ተውኩት፣
ለመንገደኛ አይባልም።
«ቤቱስ የቱ ነው?» ቢለኝስ?

ያን ዕለት ማታ ከካውያዬ አፍ ላይ
አንድ ጠብታ ወድቆ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ
ቀለሙን አራሰው።
«ምንጭ ፈለቀ!» አለች ነጂባ፤ ሳቀች፣
እስኪደርቅ ድረስ በትንፋሿ አራገበች።

ዓርብ ዕለት ሲራክ መኪና ተውሶ፣
ዐሥራ ሁለት ሊትር በጆንያ አልብሶ
ከአንድ ጥድ ሥር ቀብሮ፣
ጥፍሩ አፈር ይዞ መጣ።
«ሽታው ያው ነው» አለኝ፣ «ያው የኛው ጥድ ሽታ።»
ከዚያ ስለ ጎማ አወራ።

ረቡዕ ደወለች። ድምጿ ቀጠነ።
ተተኪዋ ታማ፣ ፈቃዷ ባከነ።
«እናንተ ሂዱ እንጂ። ካርቶኑን አጣጥፈሽ
በላስቲክ ያዢው፤ ጤዛ አለ፣ እንዳይረጥብሽ።»

ሚዛኑን ጎተትኩት።
ሰው ሲጎድል ሸክም ይቀላል ያለ ማነው?
የሦስት ሰው ድንኳን፣ አሁን የሁለት ነው፤
ምድጃው፣ ገመዱ፣ የቁስል ማሰሪያው።
ሲራክ ሳይናገር ድስቱን አወጣና
ካውያዎቹ መሀል አስቀመጠው።
እኔም ምንም አላልኩ።

«የሷን አራት ሊትር ምን እናድርገው?» አልኩት፤
«ፊት እንታጠብበት?»
እሱም ጫማውን አየ፣ ልክ እንደ ሽማግሌው።
«ይቀመጥ» አለኝ።
«የሚያልፍ አይጠፋም።»

መብራቱን ላጠፋ ስል ካርቶኑን አየሁት፤
ከሦስተኛው ቀን ጎን፣ ጠብታው በደረቀበት፣
በሷ እጅ ጽሑፍ፣ ደቃቅ፣ ወደ ታች ያዘመመ፦
«ከጥዱ ሥር። የኔ። አራት ሊትር።»
እርሳስ ጆሮዬ ላይ ነበር።
አልሰረዝኩትም።